የገበያው ገንዳና የእኔ እጅ

የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ዘሎ የሚገባ ሰው ካየሁ እሳደባለሁ። ትንሽ ትልቅ ብዬ አልመርጥም። አንዴ የማዘጋጃ ቤቱ ሹፌር ኮፍያው ገንዳ ውስጥ ወድቆበት ሊያወጣ እግሩን ሲያነሳ ደረስኩበት። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ እየሰማች አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ኮፍያውን በሜንጦ ስቤ አውጥቼ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ ይቀይር። ሁለቱም እግሮቹ ግን ደህና ናቸው።

ዘውደነሽ እባላለሁ። ወላጆቼ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መቱ አደግሁ፣ መቱ ወለድኩ፣ አፌም ግማሹ ኦሮምኛ ነው፤ ስናደድ በየትኛው እንደምናገር እኔም አላውቀው። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ አምስት ሴቶች ሆነን በማኅበር ተደራጅተን የከተማውን ቆሻሻ እናነሳለን። ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ።

ከገንዳዎቹ ሁሉ ክፉው የገበያው ነው። ማንሻ ጆሮው ከተሰበረ ዓመት ስላለፈው መኪናው አያነሳውም፤ የምናራግፈው በእጃችን ነው። ከውጭ ቆመን አካፋችን እስከ ደረሰ እንዝቃለን፣ የቀረውን ግን አንዷ ገብታ ማውጣት አለባት። በዚያ ላይ አጠገቡ የቡና መቀሸሪያ ወፍጮ አለ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገንዳው ከግማሽ በላይ የሚሞላው በቡና ገለፈት ነው።

የቡና ገለፈትን የማያውቅ ሰው ይንቀዋል። ቀላል ነው፣ አይሸትም፣ እጅ አይወጋም። እሳት ሲነካው ግን ነበልባል አያወጣም፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ እየበላ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ላዩን ብቻ አርሶት ይሄዳል። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ከርጥበቱ እንፋሎት ይነሳል። እንፋሎት ይሁን ጭስ በምን ይለያል? ሰዉም ዝናቡን ተማምኖ የከሰል ምድጃውን አመድ እንደ ሞቀ አምጥቶ ይደፋል። ምነው ስትሉት፣ “ዘንቧል እኮ፣ ጠፍቷል” ይላችኋል። መቱ ተወልዶ፣ መቱ አድጎ፣ ገለፈት እንዴት እንደሚነድ ከልጅነቱ እያየ፣ ዝናብ ሲያይ ይረሳዋል።

ከስምንት ዓመት በፊት እሌኒ የምትባል ጓደኛችን እንዲህ ባለ ጠዋት ገባች። የላዩ ደረቅ ንጣፍ ተደረመሰና ግራ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ፍም ውስጥ ሰመጠ። ዛሬ ጎሬ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቁጭ ብላ ጧፍ ትሸጣለች። ቆሞ መሥራት ቀረባት።

ከዚያ በኋላ ነው ብረቱን ያመጣሁት። ተራ ፌሮ ነው፣ ከሕንፃ ሥራ የተረፈ፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ የሚረዝም። አሠራሩንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። መጀመሪያ ገንዳው በዱላ ይደበደባል፤ ውሻም ይሁን ድመት ካለ ይውጣ። ከላይ ያለው በሜንጦ ይጎተታል፤ ጠርሙስ አለ፣ መርፌ አለ፣ እጅ አይቀድምም። የምትገባዋ ቦት ጫማ ታደርጋለች፣ ጓንት ትደርባለች፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ታስራለች። ውሃ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች አጠገብ ይቀመጣሉ። ከዚያ ጉልበት ያላት ብረቱን ከገለፈቱ መሀል ሰክታ፣ የገንዳውን ወለል ነክቶ ቋ እስኪል ትወጋዋለች። እዚያው ይቆያል። እኔ አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ እደግማለሁ፤ ከአምስታችን አንዷ መስቱራ በሷ በኩል ፋቲሃን ሰባት ጊዜ ትቀራለች። ማን ቀድሞ ጨረሰ እያልን ስንት ዓመት ተጨቃጭቀናል። ሁለታችንም ስንጨርስ ብረቱ ይወጣል፤ እኔ ጓንቴን አውልቄ ጫፉን በባዶ መዳፌ እይዘዋለሁ። ቀዝቃዛ ከሆነ “ግቢ” እላለሁ። ለብ ካለ ውሃ ይደፋበትና ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ከፈጀ ማንም አይጠጋም፤ የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ቦቴ ይጠራል።

እስከ ዘንድሮ፣ በስምንት ዓመት አንዲት ሴት አልተቃጠለችብኝም። ይሄን ስናገር ኩራት ካለብኝ ይኑርብኝ፣ ሠርቼበታለሁ።

አሁን የደበቅሁትን ልናገር። ባለፈው ክረምት ከሥራ ስመለስ አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ቤት የገባሁት በአንድ ጫማ ነው። እኔ አላወቅሁም። ልጄ ናት “እማዬ፣ ጫማሽስ?” ያለችኝ። ጤና ጣቢያ ብሄድ ነርሷ ስኳር ነው አለች፤ ቆይቶብሻል፣ ነርቭሽን ነክቶታል አለች። ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ጣፋጭ ትቻለሁ። እግሬ ግን እንደ ደነዘዘ ቀረ፣ ጥቅምት ላይ እጄ ተከተለው። አንድ ቀን መስቱራ ጋ ሻይ ቀርቦ ሁሉም ብርጭቆውን ፈጀኝ ብሎ ሲያስቀምጥ እኔ ጨብጬው እጠጣለሁ። “ምን ዓይነት እጅ ነው የፈጠረብሽ?” ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ብርጭቆውን ግን አስቀመጥኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። ለምን ብትሉኝ፣ ፈራሁ። ገንዳ መግባት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሏል። መጥረጊያውንም ወገቤ ከለከለኝ። ማኅበሩ ውስጥ የቀረኝ ያ ብረት ብቻ ነው። ጠዋት ሁሉም ቆመው ከአፌ “ግቢ” የምትለውን ቃል ሲጠብቁ እኔ ሰው ነኝ። ብረቱን ከወሰዱብኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ ምን ልሆን ነው?

ደግሞ መላ አላጣሁም። ብረቱን በመዳፌ ከያዝኩ በኋላ ላብ የምጠርግ መስዬ ወደ አንገቴ አስጠጋዋለሁ። አንገቴ ደህና ነው፣ ሙቀት ይለያል። ታኅሣሥንና ጥርን እንዲህ አድርጌ አሳለፍኩ። አንድ ቀን እንዲያውም ለብ ያለውን በትክክል ለይቼ አስቁሜያለሁ። ስለዚህ ማንንም አልበደልኩም እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ አይቸገርም።

ገንዳ የምትገባልን ዓያንቱ ናት። የቡሬ ገበሬ ልጅ ነች፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እኛ ጋ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ያቋረጠችውን ትምህርትም በዚሁ ደመወዝ ጀምራ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። ዝምተኛ ናት። ብቆጣት “ቶሌ፣ እትዬ” ብላ፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ሥራዋን ትቀጥላለች። እንደ እሷ ያመነኝ ሰው አላውቅም። “ግቢ” ስላት ፊቴን እንኳ አታይም፤ እግሯን አንስታ ትገባለች።

የካቲት ላይ የልምድ ልውውጥ የሚባል ነገር መጣብን። የጽዳት ኃላፊያችን አራርሳ፣ ከጎሬና ከቡሬ ስምንት ሰዎች የእኛን አሠራር ሊያዩ እንደሚመጡ ነገረን። አራርሳን በልጅነቱ አፍንጫውን ጠርጌዋለሁ። በሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻችን አንተ እለዋለሁ። አዲስ ጓንት አመጣ፣ እስከ አገጭ የሚቆለፍ አዲስ ቱታ አከፋፈለን፣ ባነርም አሠራ።

“እትዬ፣ ብረቱን እርስዎ ያሳዩልኝ” አለኝ። “ዋናው እሱ ነው።”

“ሌላ ማን ሊያሳይህ ነበር?” አልኩት።

ዋዜማውን ዘነበ። በማግስቱ እንግዶቹ በሦስት ሰዓት ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ከገንዳው ላይ ነጭ እንፋሎት ይነሳል። ከቡሬ የመጣ ሙከሚል የሚባል ወጣት ባለሙያ ነገሩን ሁሉ እየጠየቀ ማስታወሻ ይይዛል። ዱላው ለምን፣ ጓንቱ ለምን ድርብ ሆነ፣ ውሃው ስንት ሊትር ነው ይላል። ደስ አለኝ፤ ሥራዬን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ብረቱ ጋ ስንደርስ ስልኩን አውጥቶ ፊቴ ላይ ደቀነው።

ዓያንቱ ብረቱን ሰክታ ወጋችው። ቋ አለ። እኔ አቡነ ዘበሰማያቴን፣ መስቱራ ፋቲሃዋን ጨረስን። ብረቱ ወጣ። ጓንቴን አውልቄ ጫፉን ያዝኩት። ምንም የለም፤ እንደ ልማዴ ምንም የለም። ወደ አንገቴ ላስጠጋው ስል ቱታው እስከ አገጬ ተቆልፏል፣ በላዩም ሻሹ አለ። ልፍታው? ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ስልኩ እየቀረጸ፣ ቁልፌን ፈትቼ ብረት አንገቴ ላይ ላድርግ? ይሄስ ለምን ነው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? የሌሊቱ ዝናብ ነው፣ እንፋሎት ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ፈገግ አልኩ።

“ቀዝቃዛ ነው” አልኩ። “ግቢ።”

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ዓያንቱ ገባች።

ሦስት አካፋ አወጣች። አራተኛውን ልትዝቅ ጎንበስ እንዳለች ቆመች። “ኢቢዳ” አለች፣ እሳት ማለቷ ነው። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ወዲያው ቀኝ እግሯ ሥር ያለው ገለፈት ተደረመሰ። የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ተንጠለጠለች፣ መስቱራ ብብቷን ይዛ ጎትታ አወረደቻት። የቦቱ ሶል ቀልጦ ነበር። አውልቀንላት አንድ ጀሪካን ውሃ ቀስ አድርገን ተረከዟ ላይ አፈሰስን፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሌላ አስቀዳን። የቁርስ ቤቷ ጀሚላ የጥርስ ሳሙና ይዛ እየሮጠች መጣች፣ ቁስሉ ላይ ልትቀባ።

“እሱን ለጥርስሽ አድርጊው” አለቻት መስቱራ። “ውሃ አምጪ።”

ገንዳው ውስጥ የተደፋው አመድም የጀሚላ ሆኖ ተገኘ። “ከመሸ ዘንቦ ነበር እኮ” አለች፤ ደግሞ እያለቀሰች።

አራርሳ በእንግዶቹ ፊት ላቡ በግንባሩ ወርዷል። “አሠራሩ ትክክል ነው” አላቸው። “ልጅቷ ብረቱን እስከ ወለሉ አላደረሰችውም። የሰካችው እሷ ናት፣ አይታችኋል።” ዓያንቱ እግሯን ውሃ ውስጥ አድርጋ ቁጭ እንዳለች ቀና አለች። ትከራከራለች ብዬ ጠበቅሁ።

“ይሆናል” አለች። “የእኔ ስህተት ይሆናል።”

እኔ፣ አፍ የማይዘጋልኝ ሴትዮ፣ ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ እጄን ልታጠብ ጓንቴን ሳወልቅ ከመዳፌ መሀል የጣት ውፍረት ያለው ነጭ ውሃ የቋጠረ ቁስል ጋደም ብሏል። ብረቱን የያዝኩበት ቦታ ነው። በሌላ እጄ ነካሁት፣ አላመመኝም። እኔን አቃጥሎኛል፣ እኔ ደግሞ እንግዳ ፊት ፈገግ እል ነበር። እዚያው መታጠቢያው ፊት ለፊት አፈርኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እጄን በመሀረብ አስሬ፣ ሙዝና ዳቦ ገዝቼ ዓያንቱ ተከራይታ ወደምትኖርበት ክፍል ሄድኩ። እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች።

“ተቀመጪ፣ ምን ያስነሳሻል” አልኳት።

“አሳፈርኩዎት እትዬ” አለች። “በእንግዳ ፊት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”



“ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ” አለች። “ቋ ሲል የሰማሁ መስሎኝ ነበር። እጄም ወለሉን ነክቻለሁ ብሎኝ ነበር። እርስዎ ቀዝቃዛ ነው ካሉ በቃ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ከእንግዲህ ጆሮዬን አላምነውም።”

እግሯን ማቃጠሌ ሳያንስ የራሷን ጆሮ እንዳታምን አደረግኋት። መሀረቡን ከእጄ ላይ ፈትቼ መዳፌን ዘረጋሁላት።

“ወለሉን ነክተሻል” አልኳት። “ሁላችንም ሰምተናል። ብረቱ እሳት ነበር፣ ይኸው። እኔ ነኝ ያልተሰማኝ። እጄ ደንዝዟል ዓያንቱ፣ ከጥቅምት ጀምሮ።”

መዳፌን ያዘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

“ከጥቅምት” አለች። “ገለፈቱ ከመጣ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ገብቻለሁ።”

“በአንገቴ እለካው ነበር። አንገቴ ይሰማል። አንድም ቀን ሳልለካ አስገብቼሽ አላውቅም።”

“ዛሬስ?”

“ዛሬ ሰው ነበር” አልኳት። “አፈርኩ።”

እጄን ቀስ ብላ ጭኔ ላይ መለሰችልኝ። “እኔስ ሰው አልነበርኩም?” አለች።

ቁጣ የለበትም፤ መልሱን ማወቅ የፈለገች ይመስል ነው የጠየቀችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ፤ ስድብ እችላለሁ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጋደም አለች። “ደክሞኛል እትዬ፣ ልተኛ” አለችኝ። ሙዙን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ገንዳው ጋ ስንሰበሰብ አራርሳ ወረቀት ይዞ መጣ። ዓያንቱ በጥንቃቄ ጉድለት ከሥራ ተሰናብታ በተጠባባቂ እንድትተካ የሚል ደብዳቤ ነው። ያለ ሊቀመንበሯ ፊርማ አይሠራም፤ እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና እጄን ለሁሉም አሳየሁ። ለዓያንቱ የነገርኳትንም ያልነገርኳትንም ሁሉ ተናገርኩ፤ ስኳሩን፣ ጫማውን፣ አንገቴን፣ ስልኩን። አንድም አላስቀረሁም።

አራርሳ ወደ ጎን ሳበኝ። “እትዬ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል? ለሁለት ከተማ አሠራሩ ትክክል ነው ብያለሁ።”

“አሠራሩ ትክክል ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለዚያ ለቡሬው ልጅ ደውልልኝ።”

“ምን ብዬ?”

“እኔ እነግረዋለሁ። አንተ ደውል ብቻ።”

ደወለ። ሙከሚል ድምፄን ሲሰማ ደስ አለው፤ ብረት አስቆርጠናል እትዬ፣ አሁን ልንጀምር ነው አለኝ። የሆነውን ባጭሩ ነገርኩት። “ቪዲዮውን አጥፋው” አልኩት። “ብረቱን አንድ ሰው ብቻ አይንካው፤ ሁለት ይሁኑ። አንዷ ደግሞ የምትገባዋ ራሷ ትሁን።” መልስ ሳይሰጠኝ ስልኩን ከአፉ አራቀና፣ “ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ ውጪ፣ አትግቢ” ሲል ሰማሁት። ከዚያ ተመልሶ አመሰገነኝ። ጎሬዎቹ ጋ ደግሞ አራርሳ ራሱ ደወለ። ደብዳቤውንም መልሶ አልጠየቀኝም።

መስቱራ ግን ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ስንለያይ ብቻ፣ “አሥራ አንድ ዓመት አጠገብሽ ቆሜ፣ ለእኔ እንኳ?” አለች። ልክ ናት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዛኝ የሄደችው እሷው ናት፤ መንገዱን ሁሉ እየተነጫነጨች።

ዓያንቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣች። እግሯን ትንሽ ታነክሳለች። ሁሉንም እየዞረች ጨበጠች፤ እኔንም “እንደምን አደሩ እትዬ” አለችኝ፣ ከወትሮው ሳታጎድል፣ ሳትጨምር። ይቅር ብላኝ እንደሆነ ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም። ከቤቴ ስመጣ አንድ ነገር ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር፣ ጨዋ ጨዋ ቃል አሰናድቼ። ጊዜም አልሰጠችኝ፤ ቀጥ ብላ ወደ ገንዳው ሄደች።

ዱላውን አንስታ ገንዳውን ደበደበች፣ ከላይ ያለውን በሜንጦ ጎተተች። ብረቱን ሰካችና ወለሉን እስኪነካ ወጋችው። ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠች፤ አላመነችም፣ ነቅላ ከሌላ በኩል ደገመችው። መስቱራ ፋቲሃዋን ጀመረች። እኔም ሳላስበው ከንፈሬ አቡነ ዘበሰማያት ይል ነበር። ስንጨርስ ዓያንቱ ብረቱን አወጣች፣ ጓንቷን አውልቃ ጫፉን ያዘች፣ ለመስቱራ አቀበለቻት። መስቱራም ያዘችው። ሁለቱ ተያዩ።

“ለብ ብሏል” አለች ዓያንቱ። “ዛሬ አይገባም። ውሃ ይደፋበት።”

አራርሳ ጧት መጨረስ ፈልጎ ነበርና ከመኪናው በር አንገቱን አውጥቶ፣ “እትዬ ዘውደነሽ ምን ይላሉ?” አለ።

አፌን ልከፍት ስል ዓያንቱ ቀደመችኝ። “እኔ ነኝ የምገባው” አለችው። “አይገባም ብያለሁ።”

እሱም አንገቱን ወደ መኪናው መለሰ። ሁሉም ወደ ሥራው ዞረ። ከእኔ ቃል የሚጠብቅ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ሳላስተውል ወደ ገንዳው ተጠግቼ፣ የፈሰሰውን ገለፈት ረግጬ ቆሜ ኖሯል። ዓያንቱ መጥታ ክርኔን ያዘችኝ።

“ከዚህ ይራቁ እትዬ” አለችኝ። “ይሄም ሞቆ ሊሆን ይችላል። እግርዎ ቢቃጠል አይነግርዎትም፣ እኔ ነኝ የምነግርዎት።”

ክርኔን እንደያዘች ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደችኝና ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ቦት ጫማዬን አውልቃ እግሬን ከሥር ከላይ እያገላበጠች አየችው። ደህና ነው አለች፣ መልሳ አጠለቀችልኝ፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ቆይቼ ተነሳሁና ባዶውን ጀሪካን ይዤ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ።